ሚኖሳዋ የተሳፈረችበት ባቡር

ካንጂሮ ለባቡሩ ጀርባቸውን ሰጥተው የጣቢያውን መድረክ ይጠርጋሉ። የሚጠረግ በረዶ የለም፤ ማለዳ ተነሥተው ራሳቸው ጠርገውታል። አካፋቸው ባዶውን ሲሚንቶ ሲፍቅ የሚያወጣው ድምፅ ጥርስ ያንገጫግጫል፤ እሳቸው ግን አላቆሙም።

ልጃቸው ቺዙሩ በነጂው መስኮት አንገቷን አውጥታ ታያቸዋለች። ነጭ ጓንቷን አጥልቃለች፤ የባርኔጣዋን ማሰሪያ ከአገጯ ሥር አጥብቃለች። ከኋላዋ ያለው ፉርጎ፣ የሚኖሳዋ መንደር መስመር አንድ ለእናቱ ፉርጎ፣ ጢም ብሎ ሞልቷል። በሌላ ቀን ሁለት ሦስት አሮጊትና አንድ የፖስታ ከረጢት ይዞ የሚወርደው ባቡር ዛሬ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦበት መስኮቱ ሁሉ በትንፋሽ ደፍርሷል።

«አባባ፣ ላንተ የሚሆን ቦታ አስይዣለሁ» አለች።

«ከተማ ምን አለኝና?»

«ምንም ባይኖርህስ?»

«እንግዲያው ምን አሳፈረኝ? ባቡር የሚሳፈሩት መሄጃ ሲኖር ነው።»

ከአኩሪ አተር ቶፉ እየሠራ መንደሩን የሚመግበው ሴይጎ በመስኮት ብቅ አለ። የዛሬው ነገር ሁሉ የእሱ ዘዴ ነው። «ኧረ ጋሽ ካንጂሮ! ለአንድ ቀን እንኳ ኩራትዎን ቤት ትተው ቢወጡ ምን አለበት?»

«ኩራቴን ቤት ትቼ ምኔን ይዤ ልሳፈር?» አሉና ጠረጋቸውን ቀጠሉ።

ፉርጎው በሳቅ ተናጋ። ቺዙሩ አልሳቀችም። ጣቷን ወደ ፊት ቀሰረች። ነጂ ብቻውን ቢሆንም እንኳ የሚያየውን በጣቱ አመልክቶ ድምፁን አውጥቶ ይናገራል፤ ዓይን ያየውን አፍ ካልመሰከረለት ሰው ይሳሳታል ብለው አስተምረዋታል። «መንገዱ ክፍት!» አለች። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ አባቷ በጎን መስተዋቱ ውስጥ እያነሱ እያነሱ ሄዱ፤ አንድ ጊዜም ቀና ብለው አላዩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት ኩራሺና የሚባል ሰው ዛሬ ከቀትር በኋላ ታካኔ ከተማ ላይ ተሳፍሮ እስከ ሚኖሳዋ ይወጣል። መስመሩ ይቀጥል ወይም ይዘጋ የሚባለው እሱ አይቶ በሚናገረው ነው። በክረምት ማንም አይሳፈርበትም ካለ፣ በረዶው ቀልጦ ሳያበቃ ሐዲዱ ይነቀላል፤ በምትኩ አውቶቡስ ይሰጣችኋል ተብሏል። በረዶ ከቤት ጣሪያ ጋር ሲተካከል አውቶቡስ የት እንደሚደርስ ሚኖሳዋ አሳምራ ታውቃለች፤ የትም አይደርስም። ስለዚህ ሴይጎ ቤት ለቤት ዞሮ፣ መራመድ የሚችል ሁሉ በጠዋቱ ባቡር ይውረድ፣ ከእንግዳው ጋር አብሮ ይመለስ ብሎ አሳመነ። ሐሳቡን ሁሉም ወደደው፤ ደግሞም ሚኖሳዋ አንድ ነገር ከያዘች በግማሽ አትሠራም። መንደሩ ውስጥ የቀሩት ድመቶቹና ካንጂሮ ብቻ ናቸው።

አባትና ልጅ የተቀያየሙት ትናንት ራት ላይ ነው።

«ውሸት ጭነሽ ልትነጂ ነው?» አሏት።

«የምጭነው ሰው ነው።»

«ሰውማ ሰው ነው። ይህ መንገድ ግን ከተሠራ ጀምሮ ማንንም አታልሎ አያውቅም። ባዶ ከሆነ ባዶነቱን ይዩት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

«እያደር ነዋ አባባ! እኛ የተሰጠን እስከ ፀደይ ነው።»

ካንጂሮ የሾርባ ሳህናቸውን ገፋ አድርገው ተነሡ። ለአባቷ አፍ ማስያዣ ቃል በማግኘቷ ቺዙሩ ለጥቂት ጊዜ ደስ አላት፤ ሳህኖቹን ስታጥብ ግን ደስታው ከውኃው ጋር ወርዶ ነበር።

ከሚኖሳዋ ዝቅ ሲሉ መንገዱ በሁለት ኮረብታ መካከል ያልፋል። ስሙ ጉሮሮ ነው። ግራና ቀኙ በእጅ የተቆረጠ ዐለት ሲሆን፣ የመዶሻና የመሮ ጠባሳው እስከ ዛሬ ይታያል። ቺዙሩ እዚህ በደረሰች ቁጥር ጀርባዋ ቀጥ ይላል፤ ማንም ሳያዝዛት ነው። አያቷ ከቆፋሪዎቹ አንዱ ነበሩ።

ታሪኩን የሚኖሳዋ ሰው ሳይጠየቅ ይናገረዋል። የመንግሥት ቀያሾች መጡ፤ አዩ፤ ሻይ ጠጡ፤ «እዚህ ላይ ባቡር አያዋጣም» ብለው ተመለሱ። የላይኛዋ የሚኖሳዋና የታችኛዋ የካዋዜ ሰዎች በመስኖ ውኃ ተጣልተው ሦስት ትውልድ ሙሉ ሰላምታ የተነፋፈጉ ነበሩ። የቀያሾቹ ንቀት ግን ለሁለቱም እኩል ደረሳቸው። ተናድደው ተስማሙ። እያንዳንዱ ቤት ከደኑ ኩሪ የሚባለውን ጠንካራ ዛፍ እየቆረጠ ከሐዲዱ ሥር የሚጋደም እንጨት ሰጠ። ጉሮሮውን ሚኖሳዋ ከላይ፣ ካዋዜ ከታች ይቆፍሩት ጀመር። ገና ሳይተያዩ፣ የላይኛው ወገን ዐለቱን ሦስት ጊዜ በመዶሻ ሲመታ የታችኛው ሦስት ጊዜ ይመልስ ነበር። ለሦስት ትውልድ የተቋረጠው ሰላምታ የቀጠለው በዚያ ነው ይባላል።

በኋላ በጦርነቱ ዘመን ሐዲዱ ለብረቱ ሲባል ተነቅሎ ተወሰደ። ጦርነቱ ሲያበቃ ከግንባር የተረፉት ወጣቶች፣ ካንጂሮም ከእነሱ አንዱ ናቸው፣ ሣር የዋጠውን መንገድ አጽድተው፣ ከተዘጋ የማዕድን ጉድጓድ አሮጌ ሐዲድ በትከሻቸው ተሸክመው አምጥተው እንደገና ዘረጉት። ካንጂሮ ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስኪወጡ የመንገዱ አለቃ ነበሩ። ጡረታ ወጥተውም ሐዲድ ሐዲዱን መሄድ አልተዉም፤ የመዶሻቸውን እጀታ ልጃቸው ሁለት ጊዜ ደብቃባቸው ሁለት ጊዜ አግኝተውታል።

የጉሮሮው ልማድም ከዚያው ዘመን የመጣ ነው። ባቡሩ በረዶ ውስጥ ሲቀረቀር ነጂው ጡሩምባውን ሦስት ጊዜ ረዘም አድርጎ ይነፋል። ያን የሰማ ቤት ሁሉ አካፋ የያዘ ሰው ይልካል፤ ጉልበት ያጣ ቤት በሰው ፈንታ የሩዝ ድብልብል ይልካል። የደረሰ ሰው «ከእገሌ ቤት፣ አንድ ሰው!» ብሎ ይጣራል። ነጂው ጣቱን ቀስሮ ቃሉን ይደግምለታል፤ ከዚያ ሥራ ነው። ክፍያ የለም፤ ምስጋናም የለም። ሰምቶ ያልወጣ ቤት ግን እሳት ቢጠፋበት ጎረቤት ሄዶ ፍም ለመጠየቅ ፊት አይኖረውም።

ታካኔ ሲደርሱ ሴይጎ ሰዎቹን በጣቢያው አደባባይ ሰበሰባቸው። «እንግዲህ ሁላችሁም ጉዳይ ያለው ሰው ምሰሉ!» አላቸው። ጉዳይ ያለው ሰው ምን እንደሚመስል ግን አልነገራቸውም። የውጭው ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ከጣቢያው ትይዩ ያለው ዓሣ ቤት ደግሞ ትልቅ ምድጃ አለው፣ በዚያ ቀን ዓሣውም ረክሷል። ሚኖሳዋ በሙሉ ዓሣ ገዛች። ኩራሺና ከቀትር በኋላ ሲሳፈር የተቀበለው አንድ ዓይነት ሰማያዊ ከረጢት፣ በከረጢቱም አንድ ዓይነት ዓሣ ያንጠለጠለ አንድ ፉርጎ ሙሉ ሕዝብ ነው።

ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የከተማ ጫማ ያደረገ ጎልማሳ ነው። ለሁሉም ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠና ኡሜዮ አጠገብ ተቀመጠ። ሴይጎ ይህን ሲያይ ቀለሙ ተለወጠ። ኡሜዮ የሰማንያ ዓመት ባልቴት ናቸው፤ እጃቸው እስከ ዛሬ ጎመን ይተክላል፣ አፋቸውም እስከ ዛሬ ሰው ይነቅላል።

«ብዙ ጊዜ ይሳፈራሉ እማማ?» አለ ኩራሺና።

ኡሜዮ ሴይጎን በጎሪጥ አዩትና፣ «ኧረ እኔ ከዚህ ባቡር ወርጄም አላውቅ!» አሉ።

«ዛሬስ ለምን ጉዳይ ነው?»

«ለዓሣ።»

ኩራሺና ዙሪያውን ተመለከተ። ሰው ሁሉ ከረጢቱን ከጉልበቱ በታች ለመደበቅ ሞከረ፤ ከረጢቶቹ ግን አንድ ላይ ተንኮሻኮሹ። ሰውየው ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም።

ቺዙሩ ከፊት ሆና ሰምታለች። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። ከተማ ለዓመታት ኖራ ወደ መንደሯ የተመለሰችው ነጂ ጠፍቶ ባቡሩ ሊቆም ሲል ነው። «ሴት ነጂ?» ያሉ ሁሉ በሦስተኛው ክረምት አፋቸውን ይዘዋል። የባቡሩን መንጃ እጀታ በያዘች ቁጥር የአያቷን መዶሻና የአባቷን ትከሻ ከኋላዋ ይዛ የምትሄድ ይመስላታል፤ ዛሬ ግን አያቷ አንገታቸውን ያቀረቀሩ መሰላት። ባዶ ባቡር ነድታ አፍራ አታውቅም። በሞላ ባቡር አፈረች።

ሰዎቿ ለቅቀዋት ባዶ የቀረችውን ካዋዜን ሲያልፉ ነፋሱ ተለወጠ። ከደቡብ የመጣ ሞቅ ያለ ነፋስ ነው፤ በረዶ አገር ያደገ ሰው እንዲህ ያለውን ነፋስ አይወድም። ከዛፎቹ ላይ እርጥብ በረዶ ጓል እያከለ ይወርዳል። የጉሮሮው አፍ ላይ ስትደርስ ፍጥነቷን ቀንሳ ጣቷን ቀሰረች። «መንገዱ ክፍ…»

ቃሉን አልጨረሰችውም። ፍሬኑን ያዘች። ከግራው ኮረብታ ተንዶ የወረደ በረዶ መንገዱን ከዐለት እስከ ዐለት ዘግቶታል። ባቡሩ እያቃሰተ ሄዶ አፍንጫውን ነጩ ግድግዳ ውስጥ ሸጎጠና ቆመ። ዓሣ ያለበት ከረጢት ሁሉ ወደ ፊት ተንሸራተተ።

የተጎዳ አልነበረም። ቺዙሩ ተነሥታ አይታ፣ ጠይቃ አረጋገጠች። ከዚያ እጇ ራሱ ሄዶ ጡሩምባውን ነፋ፤ ሦስት ጊዜ፣ ረዘም አድርጎ። ድምፁ በዐለቱ መካከል ተንከራትቶ ወደ ሚኖሳዋ ወጣ።

ኩራሺና ወደ ነጂው ክፍል በር መጣ። «አሁን ምን እንጠብቃለን?»

«ሰው ይመጣል» አለችው። «ጡሩምባውን ሲሰሙ ከየቤቱ አካፋ ይዘው ይወጣሉ። ልማድ ነው።»

«ከየትኛው መንደር?»

«ከሚኖ…»

ሁለተኛ ጊዜ ቃሏን ሳትጨርስ ቀረች። ሰው ሁሉ የእግሩን ጫፍ ያያል። ከዚያ የኡሜዮ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ የመሰላቸው ነበሩ፤ እሳቸው ግን በሁለት እጃቸው አፋቸውን ቢይዙትም ሳቁ አምልጧቸው ወጣ።

«ማን ሊመጣ?» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ሁላችንም እዚህ ነን'ኮ! አካፋው ብቻ ነው ቤት የቀረው!»

ሴይጎ ፊቱ ነጥቶ ራሱ የሠራውን ቶፉ መሰለ። ተነሥቶ ኩራሺና ፊት ወገቡ እስኪታጠፍ ጎንበስ አለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰዎቹን ያሳሳትኳቸው እኔ ነኝ። መንደሩን አይቀየሙት።»

«ከዓሣው ገብቶኝ ነበር» አለ ኩራሺና።

ቺዙሩ በሬዲዮ ታካኔን አነጋገረች። በረዶ ጠራጊው ሌላ መስመር ላይ ነው፤ ከነገ በፊት አይደርስም። የኋላው መንገድ ክፍት ስለሆነ ተመልሳችሁ ታካኔ እደሩ አሏት። ሰዎቹ ሁሉ ሰሙ። ሴይጎ ቀና ብሎ አያት፤ ኩራሺናም አያት። መመለስ ይቻላል። ማንም ሰው እንዲህ ባለ ቀን ተመለሰች ብሎ አይወቅሳትም። ግን ሰውየው ያየውን ይናገራል፤ ያየው ደግሞ በውሰት ሰው የሞላና መንገድ ላይ ተመትቶ የተመለሰ ባቡር ይሆናል።

«ጉሮሮው ድረስ መጥቶ የተመለሰ ባቡር አይቼ አላውቅም» አሉ ኡሜዮ። አሁን አይስቁም።

ቺዙሩ ባርኔጣዋን አስተካክላ ወደ ኩራሺና ዞረች። «በሌላ ቀን የምጭነው ሁለት ሦስት ሰው ነው። አንዳንድ ጊዜ ማንም የለም። እውነቱ ይህ ነው፤ እንዳዩት ይናገሩት። አሁን ግን በረዶ አለብኝ።» እንዲህ ስትል ደረቷ ላይ ከጠዋት ጀምሮ የተቀመጠ ድንጋይ የተነሣላት መሰላት። በሩን ከፈተች፤ ከመቀመጫው ሥር የባቡሩን ሁለት አካፋዎች አወጣችና በረዶው ላይ ወርዳ ቆመች።

መጀመሪያ ሴይጎ ሚስቱን አስከትሎ ወረደ። «ከቶፉ ሠሪው ቤት፣ ሁለት ሰው!»

ቺዙሩ ነጩን ጓንት ቀሰረች። «ከቶፉ ሠሪው ቤት፣ ሁለት ሰው!»

ቀጥሎ ከወፍጮው ቤት፣ ቀጥሎ ከጠማማው ድልድይ ቤት፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ሌላው ወረደ። የሚኖሳዋ ቤቶች ስም አንድ በአንድ ጉሮሮው ውስጥ ተጠራ። አካፋ የለም፤ የዓሣ ሣጥን ክዳን፣ የምሳ ትሪ፣ የተዘጋ ጃንጥላ፣ ሌላው ቢጠፋ ሁለት እጅ አለ። ኡሜዮ በሰው ትከሻ ተደግፈው ወረዱ። «ከኡሜዮ ቤት፣ አንድ ሰው!» አሉና ጥቂት ቆይተው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ከጎረቤቴ ከተዘጋው ቤት… ሰው የለም፤ ስሙን ግን እኔ ይዤለታለሁ» አሉ።

እንዲህ ያለ ጥሪ ከዚህ በፊት ተሰምቶ አያውቅም። ቺዙሩ ግን ጣቷን ቀስራ እሱንም ደገመችው።

መጨረሻ ላይ ኩራሺና ብቻ በሩ ላይ ቀረ። ሱሪውን ካልሲው ውስጥ ከተተ፤ ወረደ፤ እስከ ጉልበቱ ሰመጠ። የሚጠራው ቤት ፍለጋ ግራ ቀኝ አየ። «ከ… ከክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት፣ አንድ ሰው!»

«ጫማው ግን የሰርግ ነው!» አሉ ኡሜዮ። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ፤ ኩራሺናም ሳቀ። ቺዙሩ ሳቋን ውጣ ጣቷን ቀሰረችና እንደ ሌላው ሁሉ አድርጋ ደገመችለት።

ቆፈሩ። እርጥብ በረዶ ከባድ ነው፤ አንድ አካፋ ሙሉ ሲያነሡት ወገብ ይቆርጣል። ሁለቱን አካፋዎች እየተቀባበሉ፣ ሌላው በእጁ እየዛቀ፣ ከኋላ ያለው እያራቀ፣ ግድግዳው ቀስ እያለ ወደ ኋላ ተገፋ። ግን ወፍራም ነው። ወደ ላይ በኩል ምን ያህል እንደሚቀር ማንም አያውቅም። ፀሐይዋ ከኮረብታው ጀርባ ስትገባ ሞቃቱ ነፋስ ጸጥ አለ፤ ብርዱም ተመለሰ። በረዶው ከቀዘቀዘ ድንጋይ ይሆናል፤ ድንጋይ ከሆነ በጃንጥላና በትሪ የሚነካ አይደለም። የሴይጎ ሚስት ቁጭ ብላ እጇን በትንፋሿ ታሞቃለች። አንድ ሽማግሌ ሳል ይዞት ወደ ፉርጎው ተመለሰ። ቺዙሩ የሰዎቹን ፊት እያየች፣ እልህ ይዞኝ አዛውንት ላስጨርስ ይሆን እንዴ ብላ አሰበች። ትንሽ ቆይታ በቃን፣ እንመለስ ልትል ነበር።

ያኔ ነው በእግሯ ሥር የተሰማት። ከበረዶው አጽድተው ባወጡት ሐዲድ ላይ ቆማለች፤ ብረቱ ነዘረ። ነፋስ አይደለም፤ ባቡርም አይደለም፤ በዚህ መስመር ላይ ያለው ባቡር የራሷ ብቻ ነው።

«ዝም በሉ!» አለች። ሁሉም ቀጥ አለ።

ባርኔጣዋን አውልቃ ተንበረከከችና ጆሮዋን ሐዲዱ ላይ አደረገች። ብርዱ ጉንጯን ነከሳት። ከሩቅ፣ በብረቱ ውስጥ እየተጓዘ፣ አንድ ምት መጣ፤ ሁለተኛ፤ ሦስተኛ። የመንገድ አለቃ መዶሻ ነው። እጀታውን ሁለት ጊዜ የደበቀችው መዶሻ።

አካፋዋን አንሥታ ሐዲዱን ሦስት ጊዜ መታችው። ከወዲያ ያው ሦስት ምት ተመለሰ። አሁን ኡሜዮም ጆሯቸውን አጋድመው ሰምተዋል። «እሰይ የእናቱ ልጅ» አሉ ቀስ ብለው። «እልኸኛ!»

«ማን ነው?» አለ ኩራሺና።

«ያልተሳፈረው» አለች ቺዙሩ።

ከዚያ በኋላ የቆፈሩት አቆፋፈር ሌላ ነበር። የተቀመጠው ተነሣ፤ ሳል የያዘው ሽማግሌ ሳይጠራ ከፉርጎው ወረደ። ሴይጎ ትሪውን ጥሎ በክርኑ ሳይቀር ይዝቅ ጀመር። በየመካከሉ ቺዙሩ ሐዲዱን ትመታለች፤ ከወዲያ ይመለሳል፤ ምቱ በመጣ ቁጥር ቀረብ ይላል። አባቷን በዓይነ ልቦናዋ ታያቸዋለች። ጡሩምባውን ሲሰሙ ማንም እንደማይወጣ ያውቁ ነበር፤ ባዶውን መንደር አቋርጠው፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት፣ ሐዲድ ሐዲዱን ብቻቸውን ወርደዋል። ሲፈራረድ ያደረው ልቧ ደስታ ሞላው። እንዲህ ያለ አባት ስላላት ኮራች፤ ይህንንም ቢጠይቋት ጮክ ብላ ትናገረው ነበር።

የአካፋ ጫፍ በረዶውን በስቶ ብቅ ያለው ሰማዩ ሊጠቁር ሲል ነው። ገባ፤ እንደገና ወጣ። ቀዳዳው ሰፋ። በቀዳዳው የአንድ ሰው ትንፋሽ እንደ ጭስ ወጣ፤ ከዚያ በረዶ የጋገረበት ጓንት ሩዝ የተቋጠረበት ጨርቅ ይዞ ብቅ አለ። ኡሜዮ ተቀብለው ፈቱት። ድብልብሎቹ ቅርጽ የላቸውም፤ ከዚያ በፊት በዕድሜያቸው ሩዝ ደብልበው የማያውቁ ሰው እንደሠሯቸው ያስታውቃሉ። ገና ለብ ያሉ ናቸው።

ቺዙሩ ቀጥ ብላ ቆመች። የደረሰ ሰው የቤቱን ስም ይጠራል፤ የመጣ ሳይጠራ አይቆጠርም። የራሷን ቤት ስም ጠበቀች። ሰው ሁሉ ጠበቀ። ከበረዶው ወዲያ ካንጂሮ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፤ የቤታቸውን ስም ግን አልጠሩም።

«ከሚኖሳዋ መንደር» አሉ፤ ያረጀው ድምፅ በዐለቱ መካከል ጠርቶ ተሰማ፤ «አንድ ሰው!»

የሳቀ የለም። ኩራሺና አካፋውን ይዞ፣ በረዶ ፀጉሩ ላይ እየወረደ፣ ቀዳዳውን ብቻ ያያል። ቺዙሩ እጇን አነሣች። ነጩ ጓንት ረጥቦ ጠቁሯል። ዓይን ያየውን አፍ ሊመሰክርለት ይገባል። ጣቷን ወደ ቀዳዳው ቀሰረች።

«ከሚኖሳዋ መንደር፣ አንድ ሰው!»

ከወዲያ አካፋው እንደገና መፋቅ ጀመረ፤ አሁን የሚጠርገው በረዶ ነበረው።